ሦስት ጥይት ሲቀር

ክንፈ እጁ ያለፈበት ብረት ይሳሳታል ብሎ አያምንም ነበር። ኋላ ጉድ ያፈላበትም ይኸው እምነቱ ነው።

ሥራው ሻርጃ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ፣ አሸዋው ሊጀምር ሲል በሚገኝ አንድ የዒላማ ተኩስ ክበብ ውስጥ። አገር ቤት ሳለ ስድስት ዓመት በመሣሪያ ጥገና ክፍል አገልግሏል። ወደዚህ ሲመጣ ግን ስለ ብረት የጠየቀው አልነበረም፤ ኤጀንሲው ዩኒፎርም አልብሶ ዱባይ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ለጥበቃ አቆመው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ የሽቶ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ሲያመለክት ኖረ። ከዚያ አንድ ወዳጁ ክበቡ መሣሪያ ጠጋኝ እንደሚፈልግ ነገረውና ሄደ። የክበቡ ሙዲር፣ ማለት ኃላፊው፣ ረሺድ የሚባል ደልደል ያለ ሱዳናዊ ነው። ብዙም ሳይጠይቀው አንድ ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፍታው አለው። ክንፈ ፈታው፣ ጠራረገው፣ መልሶ ገጠመው፤ ረሺድ የጀመረውን ሻይ ገና አልጨረሰም ነበር። በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

ይኸው አራት ዓመት ሆነው። አጅማን ከሦስት ያገር ልጆች ጋር በተከራየው ክፍል ያድራል፤ ጠዋት ክበቡ በሚልክለት ሚኒባስ ይመጣል። ለተማሪ የሚሰጡ ስምንት ሽጉጦችና ሃያ አራት ካዝናዎች በእሱ ኃላፊነት ሥር ናቸው። ካዝና ጥይቱ የሚደረደርበት፣ በእጀታው ውስጥ ሽቅብ የሚገባው ጠባብ ሣጥን ነው። ክንፈ እነዚህን ሁሉ እንደ ልጅ ነው የሚያጥባቸው። በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ አንድ ጠብታ ዘይት እንኳ ያለ ፈቃዱ አይንቀሳቀስም።

ታዲያ በዚህ ሥራ ትልቁ ራስ ምታት የሽጉጥ መንከስ ነው። ጥይት ሲተኮስ የሽጉጡ ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሸርተት ይልና ባዶውን ቀለህ ይተፋል፤ ሲመለስ ደግሞ ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ሳይርገበገብ ነው። አንዷ ነገር ከተዛነፈች ግን ወይ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀረቀራል፣ ወይ አዲሱ ጥይት መግቢያውን ስቶ ይደነቀራል። ያን ጊዜ ሽጉጡ ነከሰ ይባላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቆሻሻ፣ የደከመ ሞላ፣ የተጎዳ ካዝና፣ የማይስማማ ጥይት፣ የላላ እጅ። ክንፈ ሁሉንም አሳምሮ ያውቃል፤ ለጠየቀው ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ያስረዳል። ሲፈርድ ግን ሁልጊዜ በእጅ ላይ ነበር የሚፈርደው። ሽጉጡ ትናንት በእኔ እጅ ታጥቧል፣ እስቲ የእጅ አንጓህን አጥብቅ ይላል ረጋ ብሎ። ተማሪውም የባለሙያ ቃል ነውና አንጓውን እያየ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እትዬ ዘውድነሽ የመጡት በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዱባይ፣ ሳትዋ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ የስፌት ቤት አላቸው፤ የሐበሻ ቀሚስም ይሰፋሉ፣ የማዳሞች አባያም ያሳጥራሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሦስት ሲሆን እስካሁን ያለ መነጽር ክር መርፌ ውስጥ ያስገባሉ፤ ይህንንም ለሰው ሳይናገሩ አይውሉም። የማኅበራቸው ሴቶች ነገሩ ሲሰለቻቸው ለልደታቸው የአሥር ቀን የተኩስ ትምህርት ገዝተው ሰጧቸው፤ ዓይንሽ እንደዚያ ከሆነ ዒላማው ላይ እንየዋ ብለው። ለቀልድ ነበር። እትዬ ዘውድነሽ ግን ቀልዱን ተቀብለው ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወልቁ መጡ።

ክንፈ ያገሩን ሰው ሲያይ ደስ አለው። አፈሙዙ ከዒላማው ሌላ ወዴትም እንደማይዞር፣ ለመተኮስ ካልሆነ ጣት ቃታ ላይ እንደማያርፍ፣ ሽጉጡ ከነከሰ ደግሞ ባሉበት ቆመው እሱን መጥራት ብቻ እንደሆነ አስረዳቸው። እሳቸውም የደንበኛን ልክ እንደሚወስድ ሰው ዝም ብለው አዳመጡት። ከዚያ ተኮሱ። አምስቱ ጥይት የሻይ ማስቀመጫ ሳህን በምታህል ቦታ ላይ ተሰበሰበ። ክንፈ ገረመው። ስድስተኛው ላይ ሽጉጡ ነከሰ።

ቀረብ ብሎ አየ። ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ተይዞ እንደ ቤት ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ምልክት ያውቀዋል። ሽጉጥ ወደ ኋላ የሚገፋው ጽኑ ነገር ይፈልጋል፤ የያዘው እጅ አብሮት ወደ ኋላ ከሄደ፣ ላይኛው ብረት መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል፣ ቀለሁም በር ላይ ይያዛል።

"እርስዎ ሽጉጡን እንደ ሐር ጨርቅ ነው የያዙት" አላቸው።

"ሐር ጨምድደው ከያዙት ይበላሻላ፣ ልጄ።"

"ይሄ አይበላሽም። አንጓዎን ያጽኑት።"

አጸኑት፤ የቀረው አራት ጥይት ያለ እንከን ሄደ። ክንፈ በጣም ኮራ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የፈረደው ፍርድ ትክክል ነበር፤ በኋላ ያሳሳተውም ይኸው ትክክል መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ካዝና አቀብሏቸው ሰባት ጥይት ተተኩሶ ሦስት ሲቀር ሽጉጡ እንደገና ነከሰ። በዚህኛው ጊዜ የቆመ ቀለህ አልነበረም። አዲሱ ጥይት ራሱን ደፍቶ፣ ከመግቢያው ዝቅ ብሎ ብረቱን ገጭቶ ተቀርቅሯል። ክንፈ ግን ምልክቱን ልብ ብሎ አላየም። አይቶ ያልሰለቸው ነገር የለምና ጥይቱን አወጣና "አንጓ" አለ፤ አንድ ቃል ብቻ።

እትዬ ዘውድነሽ ወደ ሳትዋ ተመለሱ። በሳምንቱ ሲመጡ ምን ሲያደርጉ እንደሰነበቱ ነገሩት። ውሃ የተሞላውን የልብስ ካውያ በአንድ እጃቸው ዘርግተው ይዘው፣ ጠዋትና ማታ እስከ መቶ ሲቆጥሩ ነበር የከረሙት። ሁለቱ ፊሊፒናውያን ሠራተኞቻቸው ሴትዮዋ ምን ነካት ብለው ተሳስቀዋል፤ አንዲት ደንበኛ ደግሞ ልትመታኝ ነው ብላ ከሱቁ ወጥታለች። ክንፈ ይህን ሰምቶ ትጋታቸውን አመሰገነ። ተኮሱ። የመጀመሪያው ካዝና በደንብ አለቀ። ሁለተኛው፣ ሦስት ጥይት ሲቀር ነከሰ።

"እንግዲህ አንጓዬ ለሰባት ጥይት ጠንክሮ ለሦስት የሚደክም ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ልሂድ?" አሉት።

ክንፈ ቀልዱ አልገባውም። ጡንቻ መጀመሪያ ላይ እንደሚበረታና እየቆየ እንደሚዝል በቁም ነገር አስረዳቸው። አባባሉ እንዲታመንለት ደግሞ ሽጉጡን ተቀበለ፣ የእሳቸውን ካዝና አወጣ፣ ከራሱ ቀበቶ ላይ ሌላ ካዝና መዞ ከተተ፣ አቀባበለና ሁለት ጥይት ተኮሰ። ሁለቱም ሄዱ። አዩ አይደል በሚል ፊት ዞር ብሎ ተመለከታቸው። እትዬ ዘውድነሽ ዒላማውን አላዩም፤ ቀበቶውን ነበር የሚያዩት። አመስግነውት ሄዱ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ከቦርሳቸው የልብስ መቁረጫ ጠመኔ አወጡ፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ሰማያዊ። ካዝናዎቹ ላይ ምልክት ባደርግ ይከፋሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ክንፈ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና ሙያቸውን አወሩለት።

"የስፌት መኪና ክር ሲያኝክብኝ" አሉ፣ "መርፌውንም ክሩንም አብሬ አልቀይርም። ሁለቱን በአንዴ ከቀየርኩ ጥፋቱ የማን እንደነበር ዕድሜ ልኬን አላውቅም። አንዱን እቀይራለሁ፣ እሰፋለሁ፣ አያለሁ። አንተ ባለፈው ካዝናውንም ቀየርክ፣ ሰውዬውንም ቀየርክ፤ ፍርዱ ግን በእኔ ብቻ ወደቀ።"

ክንፈ ጆሮው ሞቀ። ቢሆንም የሚያሳፍር ነገር ይመጣል ብሎ አልጠረጠረምና ይሁን አለ። አንዱ ካዝና ላይ ነጭ መስመር ተሠመረ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ። ሽጉጡ ያው፣ ጥይቱ ከአንድ ፓኬት፣ ተኳሿም እሳቸው። ነጩ አሥሩንም ጨረሰ። ሰማያዊው ሦስት ሲቀር ነከሰ። ነጩ ደገመ፤ ጨረሰ። ሰማያዊው ደገመ፤ ሦስት ሲቀር ነከሰ። በዚህ መሀል ረሺድ አዳዲስ እንግዶች እያስጎበኘ በዚያ ሲያልፍ የጠመኔውን መስመር አየና ቆመ። እንግዶቹም ቆሙ።

"በል አሁን አንተ በሰማያዊው" አሉት እትዬ ዘውድነሽ።

ክንፈ ሽጉጡን ያዘ። አንጓው እንደ ድንጋይ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ እያለ ሰባት ደረሰ። ስምንተኛው አልሄደም። ጥይቱ ራሱን ደፍቶ መግቢያው ሥር ተደንቅሯል። ክንፈ ሳያስበው የገዛ እጁን አየ፤ ረሺድም አብሮት የክንፈን አንጓ ጎንበስ ብሎ መረመረና፣ ሠራተኛው የልብስ ካውያ ቢገዛለት ክበቡ ወጪውን ይችል እንደሆነ በዐረብኛ ጠየቀ። እትዬ ዘውድነሽ የካውያውን ነገር ቀድመው ነግረውት ኖሯል።

ክንፈ ሰማያዊውን ካዝና ይዞ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። የታችኛውን መክደኛ ስቦ ሞላውን አወጣ። የካዝና ሞላ ላይኛው ጠመዝማዛ ወደ አንድ ወገን ቀና ያለ ነው፤ ቀና ያለው ወገን ከፊት ሲሆን የጥይቱን አፍንጫ ሽቅብ ይይዘዋል። ይሄኛው የኋላው ወደ ፊት ሆኖ ተገልብጦ ነበር የገባው። ካዝናው ሙሉ ሳለ ጥይቶቹ ተጨናንቀው ስለሚቆሙ ነገሩ አይታወቅም። ሲጎድልና ሞላው ሲላላ ግን አፍንጫቸው ይደፋል። ሦስት ጥይት ሲቀር።

ማን እንደገለበጠው አልጠፋውም። ሃያ አራቱን ካዝና በአንድ ከሰዓት ፈትቶ ያጠበው በሐምሌ ወር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሞላቸውን አልነካም ነበር። ያን ዕለት እህቱ ዝናሽ ከአገር ቤት ደውላ የሠርጓን ድግስ፣ ማን እንደተጠራና ማን እንደተቀየመ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስታወራው ነበር። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ፣ አዎ፣ አዎ እያለ ነበር ሞላውን የመለሰው።

ሞላውን አስተካክሎ ገጠመ። ከክፍሉ ሲወጣ ረሺድና እንግዶቹ ሄደዋል፤ እትዬ ዘውድነሽ ብቻ ጠመኔያቸውን በመሐረብ እየጠቀለሉ ይጠብቁታል።

"ምን አገኘህ?"

"ቆሻሻ" አለ ክንፈ። "ትንሽ ቆሻሻ ገብቶበት ነው።"

እትዬ ዘውድነሽ አንዴ ፊቱን፣ አንዴ እጁን አዩ። ከዚያም ለቆሻሻውማ አላህ ይይለት ብለው፣ ቦርሳቸውን አንስተው ታክሲ ጠሩ።

ወደ አጅማን በሚመልሰው ሚኒባስ ውስጥ ክንፈ መስኮቱን ተደግፎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያሳሰበው የሴትየዋ አስተያየት ነበር። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ሲቆም ግን ሌላ ነገር ትዝ አለውና ከመደገፊያው ቀና አለ። ሸዋንዳኝ ትዝ አለው።

ሸዋንዳኝ አል ማምዛር አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ሾፌር ነው። በመስከረም ወር ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር መጥቶ ለሦስት ቀን ተምሯል፤ በሦስቱም ቀን ሽጉጡ ነክሶበታል። በሦስተኛው ቀን ክንፈ በባልደረቦቹ ፊት፣ አንተ ወንድሜ እጅህ ጥጥ ነው አለው። ልጆቹ ሳቁ። ሸዋንዳኝ አልሳቀም፤ ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዳግም አልመጣም። በኋላ ክንፈ እንደሰማው ሆቴሉ ውስጥ ስሙ "ጥጤ" ሆኖ ቀርቷል፤ የመኪና ቁልፍ ሲያቀብሉት እንኳ ቀስ ብለህ ያዘው እያሉ ይቀልዱበታል። ያን ጊዜ ወሬው ክንፈን አስቆት ነበር። አሁን በመኪናው ውስጥ ሲያስበው፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለው ተረት ለሸዋንዳኝ የተተረተ መሰለው። ሰውዬው የጥጥ እጅ ይኑረው አይኑረው ክንፈ አያውቅም። የትኛው ካዝና እንደተሰጠው አላየማ።

ሰኞ የዕረፍት ቀኑ ነው። እስከ ዱባይ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሜትሮ፣ የቀረውን በእግሩ ተጉዞ ሳትዋ ደረሰ። እትዬ ዘውድነሽ አንዱን የስፌት መኪና በጎኑ አስተኝተው በትንሽ ብሩሽ ሆዱን ይጠርጋሉ። ሳይገረሙ ወንበር አሳዩትና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ክንፈ እንደተቀመጠ ሁሉንም ነገራቸው። ሞላውን፣ የእህቱን ስልክ፣ ቆሻሻ ያለውን ውሸት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸዋንዳኝን። ሲጨርስ ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

"ቆሻሻ ያልከኝ ቀን" አሉ፣ "ጣትህን አየሁት። ንጹሕ ነበር።"

"ለምን ታዲያ አልተናገሩኝም?"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ካውያ ያሸከመኝ ሰው ሁለት ቀን ቢጨነቅ ምን አለበት ብዬ ነው።"

ክንፈ አንገቱን ደፋ። እትዬ ዘውድነሽ ግን ሲያዩት አሳዘናቸውና የራሳቸውን ጉድ አወጡለት። ሱቁን በከፈቱ በሁለተኛው ዓመት ለአንዲት የካራማ ሰፈር ሙሽራ ቀሚስ ሰፍተው ነበር። ልጅቷ ለብሳ ስትሞክረው አንዱ ትከሻ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል ሆነ። እሳቸው ሥራቸውን ስለሚያምኑ ትከሻሽ የተዛነፈ ነው አሏት። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቀጥ ብለሽ ቁሚ ስትባል ከርማ፣ በመጨረሻ ወጌሻ ፍለጋ ሄደች። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው እትዬ ዘውድነሽ የቀኙን እጅጌ የፊቱን ወደ ኋላ ገልብጠው እንደሰፉት ያዩት።

"ነገርኳት" አሉ። "እስከ ዛሬ ድረስ ከእኔ ሌላ የሚሰፋላት የለም። ከሠርጉ ይልቅ የወጌሻውን ታሪክ ነው ለሰው የምታወራው።"

ከዚያ ሌላ ምክር አልሰጡትም። ወደ መኪናቸው ጎንበስ እያሉ፣ የሾፌሩን ስልክ ታውቀዋለህ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁት።

ክንፈ ማክሰኞ ጠዋት ከማንም ቀድሞ ገባና ሃያ አራቱንም ካዝና ፈታ። አምስቱ ተገልብጠው ነበር። አምስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ረሺድን ጠራና ሙሽኪላው፣ ጥፋቱ፣ የእሱ እንደሆነ፣ ተማሪዎቹ እንዳልሆኑ ተናገረ። ረሺድ የመጀመሪያውን ሞላ አንስቶ አገላበጠው። ይቆጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሙዲሩ ስለ እህቱ ሠርግ ጠየቀው፤ ድግሱ ቢያንስ ጥሩ ነበር ወይ አለው። ጥሩ እንደነበር ሲነግረው፣ እንግዲያው ኸላስ፣ አበቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስልክ እዚህ ክፍል አይገባም ብሎ ስልኩን የሚያስቀምጥበት መሳቢያ አሳየውና ሄደ። ክንፈ ለካዝናዎቹ ሁሉ ቁጥር ጻፈባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽጉጥ ሲነክስ መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል፣ ቀጥሎ የጥይቱን አቀማመጥ፤ ስለ አንጓ የሚያወራው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

ለሸዋንዳኝ መደወል ግን ከሁሉም ከበደው። ሁለቴ ደውሎ ገና ሳይነሳ ዘጋው። በሦስተኛው ሸዋንዳኝ አነሳ። ክንፈ ነገሩን አስረዳውና ከእነዚያ ከሁለቱ ባልደረቦችህ ጋር ና፣ በፊታቸው የተናገርኩትን በፊታቸው ላንሳው አለው። ሸዋንዳኝ አስባለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም መጡ።

እትዬ ዘውድነሽ ከጎን ባለው መስመር ሊተኩሱ ተዘጋጅተው ነበር፤ ሾፌሩን ሲያዩ የጆሮ መከላከያቸውን አውርደው ወንበራቸውን ወደዚያ ጠጋ አደረጉ። ክንፈ ተገልብጦ የገባና የተስተካከለ ሞላ ጎን ለጎን ይዞ ለሦስቱም አሳያቸው። በመስከረም የሆነው የእሱ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል፣ ሳያጣራ በሰው ፊት እጅህ ጥጥ ነው ማለቱ ግን ያለ ጥርጥር ስሕተት እንደሆነ ተናገረ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ሁለቱ ባልደረቦች ተያዩ። ሸዋንዳኝ ጎርነን ባለ ድምፅ፣ ዋላሂ ሁለት ወር ሙሉ የሳሙና ጠርሙስ እንኳ ከእጄ ቢወድቅ ሲስቁብኝ ነው የከረሙት አለ። ከዚያ ጓንቱን አጠለቀና ቦታውን ያዘ።

ክንፈ ራሱ ሦስቴ የፈተሸውን ካዝና አቀበለው። ሸዋንዳኝ ተኮሰ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ሽጉጡ ነከሰ።

ክንፈ ቀረብ ብሎ አየ፤ ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀለሁን አወጣና ካዝናውን ብቻ ቀየረ። ሸዋንዳኝ ደገመ፤ አምስተኛው ላይ ያው ቀለህ ያው አቋቋም። ሽጉጡን ብቻ ቀየረ። ያው ሆነ። ጥይቱን ከሌላ ፓኬት አደረገ። ያው። ሌላ የሚቀየር ነገር ፍለጋ ጠረጴዛውን ሲዳብስ፣ እትዬ ዘውድነሽ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ መብራቱንም ቀይረው አሉት።

ሸዋንዳኝ ሽጉጡን አስቀምጦ ዞረ። "ንገረኝ" አለ። "ይሄኛውስ የማን ነው?"

ክንፈ አንዴ ሾፌሩን፣ አንዴ የሾፌሩን ባልደረቦች አየ። ይቅርታ ከጠየቀ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም። እንደገና ቆሻሻ ነው ቢል የሚያውቅበት አልነበረም፤ የሚያውቁበት እትዬ ዘውድነሽ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም እዚያው ተቀምጠዋል።

"የአንተ ነው" አለው ቀስ ብሎ። "አሁን አጣርቼ ነው። እጅህ ከሽጉጡ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ግን ጥጥ ስለሆነ አይደለም፤ ማንም አላሳየህም። ማሳየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።"

ይቆጣል ብለው ሲጠብቁ የሸዋንዳኝ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባልደረቦቹም ተከተሉት። እትዬ ዘውድነሽ ተነሥተው መጡና፣ ክንፈ አፉን ሳይከፍት የሾፌሩን ክንድ ያዙ። አንጓን ማጽናት ማለት መጨበጥ አለመሆኑን፣ መስቀያ ላይ እንደተሰቀለ ቀሚስ ትከሻው ሳይወጠር ክንዱ ግን ቀጥ ብሎ መቆም እንዳለበት በራሳቸው ቋንቋ አስተማሩት። ክንፈ አጠገባቸው ቆሞ ክርኑንና አውራ ጣቱን አስተካከለለት። ሸዋንዳኝ ተኮሰ። አሥሩም ሄዱ። ካዝናውን እንደገና ሞልቶ ተኮሰ፤ አሥሩም ሄዱ። ዒላማው ላይ ያረፉት ስድስቱ ብቻ ቢሆኑም ስለዚያ ማንም አላነሳም።

ከባልደረቦቹ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ እንግዲህ ጥጤ ማለት ቀረ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ ስሙ ይቅር እንጂ ባዶ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ለባለሙያው እንስጠው አለ። ጥጥ ለክንፈ እንደማይሆን ተስማሙ፤ እጁ የድንጋይ ነው። ጥቂት ተማክረው "ሞላ" አሉት። ክንፈ ስሙ አይበጀኝም ብሎ ተከራከረ። እትዬ ዘውድነሽ ግን በጣም ያምርብሃል ብለው ፈረዱ፤ ፍርዱም ጸና።

አሁን ክበቡ ውስጥ ሐበሻው ሁሉ ሞላ ነው የሚለው። ረሺድ ራሱ ትርጉሙን አጠያይቆ ከተረዳ በኋላ በዐረብኛ አነጋገሩ "ያ ሞላ" እያለ ይጠራዋል። ባለፈው ወር አንዲት ሳምራዊት የምትባል የባንክ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ፣ ስሙ የእናት አባቱ መስሏት፣ አቶ ሞላ፣ ሽጉጡ ነከሰብኝ አለችው። ክንፈ ሊያርማት አፉን ከፈተና ተወው። ወደ እሷ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎም የካዝናውን ቁጥር አነበበ።